አይቸገሩ ያልኳቸው ሽማግሌ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። መጽሐፍ ልሸጥ ዱባይ ሄጄ ነበር። ከደብረ ታቦር ወጥቼ ከጎንደርና ከባሕር ዳር አልፌ የማላውቅ ሴት፣ በስተርጅና ባሕር ተሻግሬ ነጋዴ ሆንኩ። ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ወዲያው ደግሞ አማትባለሁ። በገዛ አፌ ልጄን ዳግመኛ ላጣት ነበርና።

መጽሐፉ ምን እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር። ወረቀት አይደለም፤ ጨርቅ ነው። የልጅ ልጄ ቤዛ ሁለት ዓመት ሲሆናት የገዛሁላትን የሥዕል መጽሐፍ ሁሉ እየቀደደች አስቸገረችኝ። ሸማኔ ጎረቤታችን ከሠራው ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ስምንት ገጽ ቆርጬ ሰፋሁላት። አንዱ ገጽ ላይ በግ አለ፤ ጸጉሩ የእውነት የበግ ጸጉር ነው። አንዱ ላይ ቤት አለ፤ በሩ በአዝራር ይዘጋል፣ ሲከፍቱት ከውስጥ ጫጩት ብቅ ይላል። አንዱ ላይ ሴት ልጅ አለች፤ ጸጉሯ ጥቁር ክር ነውና ሕፃን ይጎነጉነዋል፣ ይፈታዋል። ጽሑፍ የለውም። የተማረም ያልተማረም እኩል ያየዋል።

ቤዛ የልጄ የብርቄ ልጅ ናት። ብርቄ ባሏ ጥሏት ሲሄድ፣ ገና ጡት ያልጣለችውን ሕፃን ለእኔ ትታ አረብ አገር ገባች። አራት ዓመት በሰው ቤት ሠራች። ስትመለስ ቤዛ ከቀሚሴ ኋላ ተደበቀች። ለረጅም ጊዜ እኔን "እማ"፣ እናቷን "እትዬ" ስትል ከረመች። ብርቄ ይህን ስትሰማ ፊቷን አዙራ ትስቃለች። ሳቅ እንዳልሆነ እናት ታውቃለች።

መጽሐፉን መሸጥ ይቻላል ያለችው ብርቄ ናት። እንደ እሷ ከአረብ አገር የተመለሱ ስድስት ሴቶች ሰበሰበች፤ አንዷ ከእብናት፣ አንዷ ከይፋግ፣ የቀሩት ከከተማችን። ከእሷና ከእኔ ጋር ስምንት ሆንን። ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ያዝን። በዕድሜ እበልጣለሁና ሰብሳቢ አደረጉኝ። ጥልፉን እኔ አሳየሁ፤ የስፌት መኪናውን እነሱ ያዙ።

መጽሐፉ ተወደደ፤ ገዢው ግን ጥቂት ነበር። ለክርስትና ስጦታ የሚፈልግ ሰው ይመጣል፣ ከዚያ ወር ሙሉ በሩን የሚያንኳኳ የለም። ሴቶቹ ሥራ ላይ ሆነው ስለ ፓስፖርት ማውራት ጀመሩ። አንድ ቀን የብርቄን ፓስፖርት ታድሶ ቁም ሣጥን ውስጥ አገኘሁት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኳት።

"እማ፣ እስከ መቼ በአንቺ ትከሻ እንኖራለን? ሁለት ዓመት ብቻ ነው።"

"ቤዛስ?"

"ቤዛ የምታውቀው አንቺን ነው።"

ነጠላዬን ለብሼ ወደ ማርያም ሄድኩ፤ የምነግረውን ለእሷ ነገርኩ።

በዚያው ሰሞን ሴቶችን የሚረዳ አንድ ድርጅት ዱባይ ውስጥ በሚደረግ የልጆች መጻሕፍት ገበያ ላይ ቦታ አገኘልን። ትኬቱንም ቻለን። የተፈቀደው ለሁለት ሰው ነበር፤ እኔ ሰብሳቢ ነኝ፣ ብርቄ ደግሞ አረብኛ ታውቃለች። ከመሄዳችን በፊት ከልጄ ጋር ተስማማን። ብዙ መጽሐፍ የሚያዝ ሰው ካገኘን አገሯ ትቀራለች። ካላገኘን እንደተመለስን ወደ አረብ አገር ሊልካት ስሟን የመዘገበው ደላላ ጋ ትሄዳለች።

"እሺ" አልኳት። ለማርያም መጋረጃ ልጠልፍ ተሳልኩና ሻንጣዬን አሰርኩ።

ገበያው ከአንድ ደብር ግቢ ይሰፋል። ከየአገሩ የመጣ ሰው መጽሐፉን ደርድሮ ይጠብቃል። እኛም አንዲት ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ደረሰን። መጽሐፎቹን ዘረጋን። ሰው እየመጣ ይዳስሳል፣ ፈገግ ይላል፣ "ያምራል" ብሎ ይሄዳል።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ሴት ስንት ሠራተኛ እንዳለን ጠየቀች። ብርቄ ነገረችኝ፤ እኔም "ስምንት ነን በያት" አልኩ። የብርቄ አረብኛ ግን ለስምንት ረዘመብኝ።

"ምን አልሻት?" አልኳት ሴትዮዋ ስትሄድ።

"መቶ ሃምሳ ሴቶች አሉን አልኳት።"

"የት ነው ያሉት?"

"ይመጣሉ።"

"ብርቄ፣ በውሸት የመጣ እንጀራ አይበረክትልንም። ከዛሬ ጀምሮ ያልኩትን ብቻ ነው የምትናገሪው። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።"

"ያልሽውን ብቻ?"

"ያልኩትን ብቻ።"

"እሺ። ኋላ እንዳትወቅሽኝ።"

ሁለተኛው ቀንም እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ አንድ ሽማግሌ መጡ። ነጭ ረጅም ልብስና ጥልፍ ያለበት ቆብ አድርገዋል። ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። ተቀመጡና መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። የቤቱን በር ከፈቱ፤ ጫጩቱን አዩ። ዘጉት። እንደገና ከፈቱት። ከዚያ የልጅቷን ጉንጉን ፈቱና መልሰው መጎንጎን አቃታቸው። እኔ ጎነጎንኩና አሳየኋቸው። እንደ ልጅ ሳቁ።

ከኦማን ነው የመጡት። የልጆች መጽሐፍ የሚሸጡባቸው ሦስት ሱቆች አሏቸው። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ካዩ በኋላ ለብርቄ አንድ ነገር ነገሯት። ብርቄ ድምፅዋ ቀጠነ።

"እማ፣ አምስት መቶ ልውሰድ ይላሉ።"

እዚህ ላይ ያገሬ ሰው ይፍረድልኝ። እኛ ሰው "ብሉ" ሲለን "በልቻለሁ" እንላለን። "በሞቴ" ሲል "ኧረ በቃኝ" እንላለን። "አፈር ስሆን" ሲል ነው እጃችን የሚዘረጋ። ገና ሲጠሩት ዘሎ የሚቀመጥ እንግዳ እናቱ ያላሳደገችው ይባላል። እኔ የተሰጠኝን ሁሉ ስቀበል የኖርኩት እንዲህ ነው። እኚህ ደግሞ ጸጉራቸው የሸበተ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ዝቅ አልኩ።

"ኧረ አባቴ፣ ይህን ያህል አይቸገሩ። ማየትዎ ይበቃናል" አልኩ።

ብርቄ አየችኝ። ረዘም አድርጋ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ ተረጎመች።

ሽማግሌው ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁ።

"እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላሉ" አለች ብርቄ።

ደስ አለኝ። ሁለተኛው ልመና መጣ ማለት ነው።

"ግድ የለም፣ በእግዚአብሔር፣ ለእኛ ብለው አይልፉ" አልኩ።

ተረጎመች። ሽማግሌው ከቦርሳቸው የቴምር ካርቶን አውጥተው ዘረጉልኝ። እሱንም "ኧረ ለልጆችዎ ይሁን" ብዬ በሁለት እጄ መለስኩ። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተነሡ። ሰላምታ ሰጡኝና ሄዱ።

እኔ ዞር እስኪሉ ጠበቅሁ። ሰዉ መሃል ገቡ። አልዞሩም።

"ወዴት ናቸው?" አልኳት ብርቄን።

"ሄዱ።"

"እንዴት ሄዱ?"

"አልፈልግም አልሻቸው፤ ሄዱ።"

"እኔ መች አልፈልግም አልኩ?"

"አይቸገሩ አልሽ፣ አልኳቸው። እርግጠኛ ነሽ ወይ አሉ። አይልፉ አልሽ፣ እሱንም አልኳቸው። ቴምሩንም መለስሽ። ምን ቀረ?"

"ሦስተኛው ነዋ የቀረ!"

"እማ፣ ይሄ ገበያ ነው። ሠርግ ቤት የመጣሽ መሰለሽ?"

"አንቺስ ልማዳችንን አታውቂም? ለምን ዝም አልሽ?"

"አትጨምሪ ያለኝ ማን ነው? ደግሞ ስምንት ሴት ይህን ያህል መስፋት አንችልም ብለሽ የተውሽው መሰለኝ። አውቃ ነው ብዬ።"

መሳቅ ጀመረች። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች። እኔንም ሳቅ ያዘኝ። ከዚያ ሳቋ በመሃል ተቋረጠ። አንዱን መጽሐፍ አንሥታ አዝራሩን ስትነካካ ቆየች።

"እሳቸው ነበሩ እኮ፣ እማ" አለች ቀስ ብላ። "የምንጠብቀው ሰው እሳቸው ነበሩ።"

ስማቸውን አልጠየቅንም። ስልካቸውን አልያዝንም። ገበያው የሚዘጋው በማግስቱ ነው። ልጄን አየኋት፤ ቀድሞ የሄደች ዕለት በመኪናው መስኮት እንዳየኋት ሆነችብኝ።

"ተነሺ" አልኳት። "እንፈልጋቸዋለን።"

"እዚህ ሁሉ ነጭ ልብስ መሃል?"

"ቆባቸውን አውቀዋለሁ።"

እውነቴን ነው። መጽሐፉ ላይ ሲያጎነብሱ ጥልፉን አይቼው ነበር። የጠላፊ ዓይን አያርፍም። በትንንሽ ቀዳዳ ዙሪያ የተጠለፈ ቡናማ ቅጠል ነው፤ ዳሩ ላይ ግን አንድ መስመር ፈዘዝ ባለ ክር ተጠግኗል። የጠገነው ሰው እጅ ከጠለፈው ሰው እጅ ይለያል።

መጽሐፎቹን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

"እማ፣ ይሰረቃል" አለች ብርቄ።

"ነጠላ የለበሰ ነገር ማን ይነካል?"

ራሷን ነቅንቃ ተከተለችኝ። የኦማን ሰዎች መጽሐፍ ወደሚሸጡበት በኩል ሄድን። ስንደርስ ብርቄ የፈራችው ነገር እውነት ሆነ፤ ወንዱ ሁሉ ጥልፍ ቆብ አድርጓል። እኔም ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ አናት አናታቸውን ማየት ጀመርኩ። አንዱ ረዥም ሰውዬ በእግሬ ጣት ቆሜ ሳየው ድንገት ዞረ። አናቱ ላይ አንዳች ነገር ያረፈበት መስሎት ቆቡን ዳሰሰ። ብርቄን ጠየቃት።

"ምን ፈልጋ ነው ይላል።"

"ቆብህን እያየሁ ነው በይው።"

"እማ፣ እንዲህ ብዬማ አልናገርም።"

"አትጨምሪ፣ አትቀንሺ ተባብለን የለም?"

ፊቷ ቀልቶ ነገረችው። ሰውዬው ሳቀና ቆቡን አውልቆ ሰጠኝ። ገልብጬ አየሁት። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን እሱ አይደለም። አመስግኜ መለስኩለት።

እንዲህ ስንዞር የጸሎታቸው ሰዓት ደረሰ። ወንዶቹ ከየሱቃቸው ተነሥተው ወደ አንድ አዳራሽ ገቡ። ብርቄ ተስፋ ቆረጠች።

"በቃ ተበተኑ።"

"ተሰበሰቡ እንጂ መች ተበተኑ" አልኳት። "ሽማግሌ ሰው ከጸሎት አይቀርም። ሲወጡ እናገኛቸዋለን።"

ከበሩ ራቅ ብለን ቆምን። ብርቄ በር ላይ ያለውን ዘበኛ ገብቶ እንዲፈልግልን ልጠይቅ አለች። ከለከልኳት። በጸሎት ላይ ያለ ሰው አይጠራም፤ የማንም ጸሎት ይሁን። እኔም ባለሁበት አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ሰላም ለኪንም ጨመርኩ።

መውጣት ጀመሩ። ጫማቸውን ለማድረግ ሲያጎነብሱ አናታቸው ሁሉ ወደ እኔ ሆነ። ከዚህ የተሻለ ማያ ቦታ አልነበረም። አንዱ አለፈ፣ ሌላው አለፈ። ከዚያ ቡናማው ቅጠል፣ ፈዛዛው ክር።

"እሳቸው ናቸው" ብዬ ሄድኩ። ሽማግሌው ቀና ሲሉ አወቁኝና ገረማቸው።

"ምን ልበላቸው?" አለች ብርቄ።

"ሁሉንም ንገሪያቸው። አሁን እንደ ፈለግሽ ጨምሪ።"

"አሁን ፈቀድሽ" አለችኝና ጀመረች። እጇን እያወናጨፈች፣ አንዴ እኔን አንዴ ራሷን እየጠቆመች ብዙ ተናገረች። ሽማግሌው በመጀመሪያ ግራ ገባቸው። ቀጥሎ ፈገግ አሉ። በመጨረሻ ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ፤ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

"እናቴም እንዲህ ነበረች ይላሉ" አለች ብርቄ። "ጎረቤት ዓሣ ሲያመጣላት ሳትመልስ አትቀበልም ነበር፤ እኔ ገበያ ውዬ ውዬ ረሳሁት ይላሉ። አሁን ስንት ጊዜ ነው የምለምናት አሉ።"

"ሦስት በያቸው።"

ሽማግሌው በጣታቸው ቆጠሩ። ሁለቱን ለምነዋል። ኮስተር ብለው ቆሙና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ብርቄ ቃል በቃል ተረጎመችልኝ።

"እናቴ ሆይ፣ አምስት መቶ መጽሐፍ ትሸጪልኛለሽ ወይ?"

ልማድ ክፉ ነው። "ኧረ..." ብዬ ስጀምር ብርቄ እግሬን ረገጠችኝ።

"እሺ" አልኩ።

ወደ ጠረጴዛችን አብረን ተመለስን። ነጠላው እንደ ነበረ ነው፤ ማንም አልነካውም። ሽማግሌው ስንት ሆነን እንደምንሠራ ጠየቁ። ብርቄ ወደ እኔ አየች።

"ስምንት በያቸው" አልኩ። ስናገር ፈራሁ። እውነቱን ሰምተው ሐሳባቸውን ቢለውጡ ምን አደርጋለሁ?

አንዱን መጽሐፍ አንሥተው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱ። "የጥቂት ሰው እጅ እንደሆነ ስፌቱ ይናገራል" አሉ። ግማሹን እስከ ዐቢይ ጾም፣ ግማሹን ከፋሲካ በኋላ እንድንልክ ተስማማን። የወደዱት ሰዎች ከበዙ ሌላም እንደሚያዙ ነገሩን።

እኔም በተራዬ ጠየቅሁ፤ "ቆቡን ማን ነው የጠለፈልዎ?"

"ሚስቴ ናት።"

"ዳሩን ግን ሌላ ሰው ነው የጠገነው።"

ቆባቸውን አውልቀው አዩት። "ሚስቴ ዓይኗ ደክሟል። ልጄ ናት የጠገነችው። እስከ ዛሬ ማንም አልለየውም" አሉ። መለየት ሥራዬ ነው አልኳቸው።

ሊሄዱ ሲሉ ያን የቴምር ካርቶን መልሰው አወጡ። ዘረጉልኝ። በመጀመሪያው ተቀበልኩ። ሆዳም የሆንኩ መሰለኝ፤ ግን ተቀበልኩ። እሳቸው እየሳቁ ሄዱ።

ብርቄ ወዲያው ስልኳን አውጥታ ደብረ ታቦር ደላላው ጋ ደወለች። "ስሜን ሰርዘው፤ ቀርቻለሁ" አለችው። ደላላው አጥብቆ ሳይለምናት አልቀረም፤ ደጋግማ "አይሆንም፣ አይሆንም" ስትል ሰማኋት። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን መጽሐፎች አስተካክል ነበር። ቀና ብዬ ባያት አለቅስ ነበርና ቀና አላልኩም።

አገራችን ስንገባ ታሪኩን ለሴቶቹ ነገረቻቸው። የእብናቷ ልጅ እስከ ዛሬ ሥራ ስትሰጠኝ "እማማ፣ ይቸገሩ" እያለች ትቀልድብኛለች። አምስት መቶውን በጊዜው አደረስን። ከዚያ ሽማግሌው ሌላ አዘዙ። አሁን አሥራ አንድ ሴቶች ሆነናል። ስለ ፓስፖርት የሚያወራ የለም። የማርያምንም መጋረጃ በዓሏ ሳይደርስ ጠልፌ አስገባሁ።

እኚያን ሰው አልረሳቸውም። ጸሎት ሳደርስ በስም ለማንሣት ሃይማኖታቸው ሌላ ነውና ግራ ይገባኛል። "ያን ባለ ቆብ ሰው አስብልኝ" እለዋለሁ፤ እሱ ያውቃቸዋል። በስተርጅናም አንድ ነገር ተማርኩ። ጎረቤት ቤት ስሄድ አሁንም ሳልለመን አልበላም፤ ያደግሁበት ነው። ለሥራ ሲጠይቁኝ ግን አፌን ሞልቼ "እሺ" እላለሁ።

ባለፈው ወር ብርቄ ሻንጣ ይዛ እንደገና አረብ አገር ሄደች። የሄደችው ኦማን፣ ሽማግሌው ሱቅ፣ መጽሐፍ ልታስረክብ ነው። እኔና ቤዛ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ሻንጣው ከብዶ ሁለት ሰው አነሣው። እኔ የድሮው ፍርሃት መጣብኝ፤ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

"መቼ ነው የምትመጪው?" አለቻት ቤዛ።

"እሑድ" አለቻት።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ደጃፋችን ላይ ቆማ አገኘናት። ሻንጣውን ላግዛት ብዬ ሳነሣው በአንድ እጄ ተነሣልኝ። ባዶ ነበር። ያን ባዶ ሻንጣ ይዤ ወደ ቤት ስገባ የተሰማኝ ደስታ አሁንም አብሮኝ አለ። ተመስገን ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም።